የኮራል ሪፍ ክትትል፦ በጎ ፈቃደኛው ባሕር ውስጥ ምን ይቆጥራል?

«የባሕር ጥበቃ በጎ ፈቃደኛ» ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣበት የኤሊ ጫጩት ወደ ውኃ የሚሸኝ ወጣት ነው። ወይም ባሕር ውስጥ ጠልቆ ኮራል የሚተክል ሰው። እንዲህ ያለ ሥራ የለም አይባልም። የሥራው እምብርት ግን ሌላ ነው፣ መቁጠር። ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ሜትር ይዘረጋል፣ የታየው ሁሉ በእርሳስ ይጻፋል። ከወራት በኋላ እዚያው ቦታ ተመልሶ ያንኑ መቁጠር ነው።

ሲሰሙት አሰልቺ ይመስላል። ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ፣ እንዴት እንደሚሠራና ተራ ሰው የት ጋ ሊገባበት እንደሚችል አንድ በአንድ እንየው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ ሰሞኑን ደጋግሞ የሚነሳው ባሕሮች ስለሞቁ ነው። በኤፕሪል 2024 ሳይንቲስቶች ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት እየተካሄደ መሆኑን በይፋ አሳወቁ። ከዚያ በፊት የነበሩት በ1998፣ በ2010 እና ከ2014 እስከ 2017 ነው። ይኼኛው አራተኛው ሲሆን ከሁሉም የሰፋ ሆኗል። ከ2023 መጀመሪያ ወዲህ ከዓለም የኮራል ሪፎች 84 በመቶ ያህሉ ኮራል ሊያነጣ ለሚችል ሙቀት ተጋልጠዋል።

ኮራል ግን ምንድን ነው?

ሲነኩት ድንጋይ ነው፣ ቅርንጫፉን ሲያዩት ተክል ይመስላል። እንስሳ ነው። የጄሊፊሽ ዘመድ።

አንዱ እንስሳ ፖሊፕ ይባላል። አብዛኛው ፖሊፕ ከጣት ጥፍር አይበልጥም። አፍ አለው፣ በአፉ ዙሪያ ምግብ የሚይዝባቸው ቀጫጭን ክንዶች አሉት። ከሥሩ ደግሞ ከባሕሩ ውኃ በሚወስደው ካልሲየም የኖራ ድንጋይ ቤት ይሠራል። ሺህ ፖሊፖች ጎን ለጎን ይሠራሉ፣ አሮጌዎቹ ሲሞቱ አዲሶቹ በቤታቸው ላይ ይሠራሉ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ በብዙ መቶና ሺህ ዓመት ውስጥ ከባሕሩ ወለል ትልቅ ግንብ ይነሳል። ሪፍ የሚባለው ያ ግንብ ነው።

በፖሊፑ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። አልጌ እንደ ተክል ከፀሐይ ብርሃን ምግብ የሚሠራ ፍጥረት ነው። አከራይና ተከራይ ብላችሁ አስቧቸው። ኮራሉ ቤት ይሰጣል፣ አልጌው ኪራዩን በምግብ ይከፍላል። ኪራዩ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ኮራሉ ከሚያስፈልገው ጉልበት እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ከዚሁ ተከራይ ሊመጣ ይችላል። ኮራል ላይ የምናየው ቀለምም በብዛት የአልጌው ነው።

የኮራል ሪፎች በጠቅላላ ከባሕር ወለል አንድ በመቶ እንኳ አይሞሉም። ከባሕር ፍጥረታት ዝርያ ሩብ ያህሉ ግን ወይ እዚያ ይወለዳል፣ ወይ እዚያ ያድጋል፣ ወይ እዚያ ይበላል። ሪፉ ማዕበልም ይሰብራል። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች የተሰበሰቡ ልኬቶችን ሲያጠናቅር ሪፎች ወደ ባሕር ዳርቻ ከሚመጣው ማዕበል ጉልበት በአማካይ 97 በመቶውን እንደሚያስቀሩ አግኝቷል። ስለዚህ ሪፉ ሲፈርስ ዓሣውም ይሄዳል፣ ከኋላው ያለው መንደርም ለማዕበሉ ይጋለጣል።

ነጣ ማለት ሞተ ማለት ነው?

አይደለም። በጣም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ውኃው ከለመደው በላይ ሲሞቅ አልጌው ሥራው ይበላሽበታል፣ ኮራሉንም የሚጎዳ ነገር ማመንጨት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ኮራሉ ተከራዩን ያስወጣል። አልጌው ሲወጣ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል፣ ሥጋው እንደ መስታወት ያሳያል፣ ከሥር ያለው ነጭ አጥንት ብቅ ይላል። መንጣት ይህ ነው። ኮራሉ አለ፣ ግን ዋናው ቀለብ ተቋርጦበታል። ሙቀቱ ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌው ይመለሳል፣ ኮራሉም ያገግማል። ሳምንታት ከቆየ ግን ይሞታል።

እንዲያውም ከሞተ የቆየ ኮራል ነጭ ሆኖ አይቆይም። ቶሎ ሌላ ዓይነት አልጌ ይሸፍነዋልና አረንጓዴ ወይም ቡናማ ይሆናል። የማያውቅ ሰው ይህን ሲያይ «ቀለሙ ተመለሰ፣ ዳነ» ሊል ይችላል። የሠለጠነ በጎ ፈቃደኛ ግን ቀረብ ብሎ ፖሊፖቹ መኖር አለመኖራቸውን ያያል።

ሳተላይት እያለ ሰው ለምን ይጠልቃል?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሳተላይት የባሕሩን የላይኛ ሙቀት በየቀኑ ይለካል። ከዚያ ላይ ተነስቶ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ የአሜሪካ መንግሥት ክፍል አለ፣ የብሔራዊ ውቅያኖስና ከባቢ አየር አስተዳደሩ የኮራል ሪፍ ክትትል። የሚጠቀሙበትን መለኪያ እንደ ዕዳ ብናየው ይገባል። በዓመቱ ሞቃት ወር ከሚለመደው አማካይ ሙቀት ውኃው በአንድ ዲግሪ አልፎ አንድ ሳምንት ከቆየ፣ አንድ ነጥብ ዕዳ ይመዘገባል። ሁለት ዲግሪ አልፎ አንድ ሳምንት ከቆየ ሁለት ነጥብ። የመጨረሻዎቹ 12 ሳምንታት ይደመራሉ። ዕዳው 4 ሲደርስ ብዙ ኮራል መንጣት ይጀምራል። 8 ሲደርስ መሞትም ይመጣል። በ2023 መጨረሻ ላይ ሙቀቱ ከድሮው ሰንጠረዥ በላይ ስለሆነ ሦስት ተጨማሪ የማስጠንቀቂያ ደረጃዎች መጨመር ግድ ሆነ። የመጨረሻው የሚጀምረው ዕዳው 20 ሲደርስ ነው።

ሳተላይቱ የሚነግረን ግን ትኩሳቱን ነው። በሽተኛው ተነሳ ወይስ ሞተ የሚለውን አይነግረንም። ሁለት ሪፎች እኩል ሞቀው አንዱ ሲተርፍ ሌላው ሊያልቅ ይችላል። የትኛው ኮራል ቆመ? ዓሣው አለ ወይስ ሸሸ? ሪፉን ያበላሸው ሙቀት ነው፣ መልሕቅ ነው፣ ከየብስ የመጣ ደለል ነው ወይስ የእሾህ አክሊል የሚባለው ኮከብ ዓሣ? ይህን ለማወቅ ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ሪፉ ደግሞ ብዙ ነው፣ ሳይንቲስቱ ጥቂት። የጉዞና የጀልባ ወጪው ብቻ አንድ ቡድን በየዓመቱ ሁሉንም ሪፍ እንዲያይ አይፈቅድም። በጎ ፈቃደኛው የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ውኃ ውስጥ በትክክል ምን ይደረጋል?

አሠራሩ ከድርጅት ድርጅት ይለያያል። በዓለም ላይ በሰፊው ከሚታወቁት አንዱን፣ ሪፍ ቼክ የሚባለውን እንውሰድ። ግሬገር ሆጅሰን በተባሉ የባሕር ሳይንቲስት በ1996 ተመሠረተ። በ1997 በጎ ፈቃደኞችና ሳይንቲስቶች ተባብረው ከ300 በላይ ሪፎችን በአንድ ዓይነት ዘዴ ቆጠሩ።

መጀመሪያ 100 ሜትር ርዝመት ያለው ሜትር በሪፉ ላይ ይዘረጋል። ጥልቀቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተመሳሳይ መሆን አለበት። መስመሩ በአራት ይከፈላል፣ እያንዳንዱ 20 ሜትር ነው፣ በመሃላቸው 5 ሜትር ሳይቆጠር ይዘለላል። አራት ቦታ መቁጠሩ ለምንድን ነው ቢባል፣ አንዱ ቦታ በአጋጣሚ በጣም ጥሩ ወይም በጣም የተበላሸ ሊሆን ስለሚችል ነው። አራቱ እርስ በርስ ይመሳከራሉ።

ሜትሩ ከተዘረጋ በኋላ ወዲያው መቁጠር የለም። ይጠበቃል። ዓሣው ሰው ሲያይ ይሸሻል፣ ሲረጋጋ ይመለሳል። የመጀመሪያው ቆጠራ የዓሣ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ሌላው ሥራ ከተጀመረ ዓሣው አይገኝም። ቆጣሪው በመስመሩ ግራና ቀኝ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ከላይ እስከ 5 ሜትር ያለውን ቦታ እንደ ረጅም ሳጥን ያስበዋል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ይቆጠራል፣ ከሳጥኑ ውጪ ያለው የቱንም ያህል ቢያምር አይቆጠርም። ይህ ሕግ ለጀማሪ ከባድ ነው። ግሩፐር የሚባል ትልቅ ዓሣ ሦስት ሜትር ርቆ ሲያልፍ አለመጻፍ ልብ ያሳዝናል። ግን ከተጻፈ ቁጥሩ ከዓምናው ጋር አይወዳደርም።

ቀጥሎ አከርካሪ የሌላቸው እንስሳት ይመጣሉ። የባሕር ጃርት፣ ሎብስተር፣ ግዙፍ ዛጎል፣ የባሕር ኪያር፣ የእሾህ አክሊል። ይህ ሥራ አጎንብሶ በየስንጥቁ ማየት ይፈልጋል።

ሦስተኛው የወለሉ ቆጠራ ነው። ለእኔ ከሁሉም የሚያረካው ይሄ ነው፣ በጣም ቀላል፣ በጣም ብልህ። በመስመሩ ላይ በየግማሽ ሜትሩ ቱንቢ ይወርዳል፣ ግንበኛ የሚጠቀምበት ዓይነት በክር የታሰረ ትንሽ ክብደት። ቱንቢው የነካው ነገር ይጻፋል። ጠንካራ ኮራል ነው? ለስላሳ ኮራል? ቅርብ ጊዜ የሞተ ኮራል? አልጌ? ስፖንጅ የሚባለው የባሕር እንስሳ? አለት? ስብርባሪ? አሸዋ? ደለል? በ20 ሜትር ውስጥ 40 ነጥብ፣ በአራቱ 160 ነጥብ ይሆናል። ከ160ው 48ቱ ላይ ጠንካራ ኮራል ከተገኘ የሪፉ የኮራል ሽፋን 30 በመቶ ነው። የሂሳቡ ነገር ይኸው ነው። ቱንቢ ለምን? የሰው ዓይን ያምራል ወዳለው ያደላል። ቱንቢ አያደላም።

ጽሑፉ በፕላስቲክ ሰሌዳ ወይም ውኃ በማያበላሸው ወረቀት ላይ በተራ እርሳስ ነው። እርሳስ ውኃ ውስጥ ይጽፋል። መነጋገር ስለሌለ ሁሉም ነገር በእጅ ምልክት ነው። ማንም ብቻውን አይጠልቅም፣ በጋኑ ውስጥ ያለው አየር ከተወሰነው ሲወርድ ቆጠራው ባያልቅም ይወጣል። ያላለቀ ቆጠራ ይደገማል።

ለመንጣት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2002 የጀመሩት ኮራል ዋች የሚባል ፕሮጀክት የቀለም ካርድ ይጠቀማል። ካርዱ ላይ ቀለሞች ከ1 እስከ 6 ተደርድረዋል፣ 1 በጣም የገረጣ፣ 6 በጣም የደመቀ። ካርዱን ኮራሉ አጠገብ ይዞ፣ ሳይነኩ፣ በጣም የገረጣውንና በጣም የደመቀውን ክፍል ከካርዱ ጋር ማመሳሰል ነው። ለዚህ ጠላቂ መሆን የግድ አይደለም። መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ መንሳፈፍ ይበቃል።

ሁሉም ዓሣ ለምን አይቆጠርም?

አንድ ሪፍ ላይ መቶዎች የዓሣ ዝርያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። ሁሉን ለመለየት ዓመታት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥቂት ጠቋሚዎች ይመረጣሉ። ጠቋሚ ማለት እሱ ሲኖር ወይም ሲጠፋ አንድ የታወቀ ነገር የሚነግረን ፍጥረት ነው። ሐኪም ገላን በሙሉ ሳይከፍት ምላስና ዓይን እንደሚያየው ዓይነት።

ግሩፐር ከጠፋ ዓሣ ማጥመዱ በዝቷል ማለት ነው፤ ትልቅ፣ ጣፋጭ፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለሆነ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው። አንዳንድ የቢራቢሮ ዓሣዎች የኮራል ፖሊፕ ስለሚበሉ ኮራሉ ሲያልቅ አብረው ይቀንሳሉ። በቀቀን ዓሣ አልጌ ይግጣል፤ እሱ ከሌለ አልጌው ይነግሣል። ስለ ባሕር ጃርትም እንዲሁ ነው። በ1983 እና 1984 በካሪቢያን ባሕር አንድ በሽታ ረጅም እሾህ ያለውን የባሕር ጃርት ከ90 በመቶ በላይ ጨረሰው። አልጌ የሚበላው ሲጠፋ ብዙ ሪፎች በአልጌ ተሸፈኑ፣ አዲስ ኮራል የሚያርፍበት ባዶ ቦታ አጣ። በ2022 ደግሞ ሌላ ወረርሽኝ መጣ።

የእሾህ አክሊል ተቃራኒው ነው፣ ሲበዛ ነው አደጋው። አንዱ በዓመት እስከ 10 ካሬ ሜትር ኮራል ሊበላ ይችላል። ጥቂት ሆኖ ቢገኝ የተለመደ ነው። ድንገት ሲበዛ ግን ቶሎ ያየ ሰው ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዜሮም ቁጥር ነው። ጀማሪዎች «ምንም ስላላየን ወረቀቱ ባዶ ነው» ብለው ያዝናሉ። በ1997ቱ ቆጠራ ትልቁ ግኝት ግን የጠፋው ነው፤ ብዙ ሪፎች ላይ አንድ ሎብስተር እንኳ አልታየም፣ ትላልቅ ግሩፐሮችም እንዲሁ። ባዶ መተውና «0» ብሎ መጻፍ ይለያያሉ። ባዶው «አልፈተሽኩም» ነው፣ ዜሮው «ፈልጌ አጣሁ» ነው።

ሳይንቲስት ያልሆነ ሰው የቆጠረው ይታመናል?

በሥልጠናው ልክ ይታመናል። ሥልጠናው ከምንገምተው በላይ ጠበቅ ያለ ነው። ዓሣውን በሥዕል መለየት፣ ከዚያ ውኃ ውስጥ መለየት፣ ከዚያ ፈተና። ፈተናውን ያላለፈ ሰው ቁጥሩ አይገባም፤ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል።

መጠን መገመት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ብርሃን ከውኃ ወደ መነጽሩ አየር ሲያልፍ ስለሚታጠፍ ነገሩ ሁሉ ሲሶ ያህል ገዝፎ ይታያል። 30 ሴንቲሜትር ያለው ዓሣ 40 ይመስላል። ስለዚህ ሰልጣኞች ርዝመታቸው የታወቀ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ዓሣዎችን ውኃ ውስጥ እያዩ ዓይናቸውን ያርማሉ። ሁለት ሰዎች አንዱን መስመር ቆጥረው ውጤታቸው ይነጻጸራል። በጣም ከተራራቁ ሁለቱም ይደግማሉ።

በታዝማኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተጀመረው ሪፍ ላይፍ ሰርቬይ የሚባለው ፕሮግራም ከዚህም ይጠብቃል። ልምድ ያላቸውን ጠላቂዎች ብቻ መርጦ ዝርያ በዝርያ እንዲለዩ ያሠለጥናል። እነሱ የሰበሰቡት መረጃ በ2023 በአውስትራሊያ ዙሪያ ስለሚገኙ ከ1,000 በላይ የሪፍ ዝርያዎች በወጣ ትልቅ ጥናት ውስጥ ገብቷል።

የማይችሉትም አለ። አጭር ሥልጠና የወሰደ በጎ ፈቃደኛ ተመሳሳይ የኮራል ዝርያዎችን አይለይም፣ የበሽታ ምክንያት አይመረምርም። ጥሩ ፕሮግራም ይህን አይጠይቀውም።

አንዴ ከተቆጠረ ለምን ይደገማል?

ሕፃን ጤና ጣቢያ ሲወሰድ ይመዘናል። አንዱ ሚዛን ብቻውን ብዙ አይናገርም። በካርዱ ላይ ነጥቦቹ ሲያያዙ ነው ልጁ እያደገ ነው ወይስ ወደኋላ እየቀረ የሚታወቀው። ሪፍም እንዲሁ ነው። 30 በመቶ የኮራል ሽፋን ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? ከአምስት ዓመት በፊት 15 ከነበረ ጥሩ ነው። 60 ከነበረ በጣም መጥፎ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ክፉ ነገር አለ። ሰው ይረሳል። ዳንኤል ፖሊ የተባሉ የዓሣ ሀብት ተመራማሪ በ1995 እንደጻፉት እያንዳንዱ ትውልድ ልጅ ሆኖ ያየውን ባሕር «ትክክለኛው ባሕር» አድርጎ ይይዛል። አባቱ ያየውን አያውቅም፣ ስለዚህ አይቆጨውም። «የማያውቁት አገር አይናፍቅም» እንደሚባለው ነው። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ኪ ዌስት ከተማ አንዲት ተመራማሪ ቱሪስቶች ካጠመዱት ዓሣ ጋር የተነሷቸውን የድሮ ፎቶዎች ሰብስባ ለካች። በ1956 ለፎቶ የሚያዘው ዓሣ በአማካይ ወደ 20 ኪሎ ይመዝን ነበር። በ2007 ወደ 2.3 ኪሎ ወርዷል። ሰዎቹ ፊት ላይ ያለው ፈገግታ ግን ያው ነው። ማንም የጎደለበት አልመሰለውም።

የተጻፈ ቁጥር ይህን መርሳት ይሰብራል። ዓለም አቀፉ የኮራል ሪፍ ክትትል መረብ በ2021 ባወጣው ሪፖርት ከ2009 እስከ 2018 ባለው ጊዜ ዓለም ከነበራት ኮራል 14 በመቶ ያህሉን አጥታለች። ይህን ለማለት የተቻለው በ73 አገሮች፣ ከ12,000 በላይ ቦታዎች፣ በ40 ዓመት ውስጥ የተቆጠረው ሁሉ ስለተሰበሰበ ነው።

«የማኅበረሰብ ጥበቃ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባሕሩን የሚጠብቁት፣ ሕጉን የሚያወጡትና የሚያስከብሩት እዚያው ዳር የሚኖሩት ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ከሩቅ የሚመጣው በጎ ፈቃደኛ ረዳት ነው።

በፊሊፒንስ አፖ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። አንጄል አልካላ የተባሉ የሥነ ሕይወት ተመራማሪና የሲሊማን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ከዓሣ አጥማጆቹ ጋር ለረጅም ጊዜ ተነጋግረው፣ በ1982 ከሪፉ ትንሽ ክፍል ለዓሣ ማጥመድ ተዘጋ። ሁሉም ወዲያው አልተስማማም። ከዓመታት በኋላ ግን በተዘጋው ውስጥ ዓሣው በዛ፣ ከዳር ወጥቶም በአጥማጁ መረብ መግባት ጀመረ። የአፖን አይተው ሌሎች የፊሊፒንስ መንደሮች ተከተሉ።

በፊጂ ደሴቶች የኡቹኒቫኑዋ መንደር ሰዎች በ1997 ከዛጎል መልቀሚያቸው የተወሰነውን ዘጉ። እዚህ ጋ ለእኛ ጉዳይ ዋናው ነገር፣ የቆጠሩት ራሳቸው የመንደሩ ሰዎች መሆናቸው ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ባለሙያዎች አሠለጠኗቸው፣ እነሱ መስመር ዘርግተው ዛጎሉን ቆጠሩ። ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ሲያድግ የነገራቸው የውጭ ሰው አልነበረም፣ በእጃቸው የጻፉት ወረቀት ነው። በማዳጋስካር ደግሞ የአንዳቫዱአካ መንደር በ2004 ኦክቶፐስ የሚያዝበትን ቦታ ለጥቂት ወራት ብቻ ዘጋ። ኦክቶፐስ ቶሎ ስለሚያድግ ውጤቱ በዚያው ወቅት ታየ፣ አጎራባች መንደሮችም ያንኑ አደረጉ።

በሜክሲኮ ካቦ ፑልሞ ነዋሪዎቹ ገፍተው ቦታው በ1995 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በ1999 እና በ2009 የተደረጉት ሁለት ቆጠራዎች ሲነጻጸሩ የዓሣው ጠቅላላ ክብደት በ463 በመቶ ጨምሯል። የ1999ኙን ማንም ባይቆጥር ኖሮ የ2009ኙ ቁጥር ከምን ጋር ይነጻጸር ነበር?

በቅን ልብ የሚደረግ ሥራ ሊጎዳ ይችላል?

ይችላል። በ1970ዎቹ ፍሎሪዳ፣ ፎርት ላውደርዴል አጠገብ በጎ ፈቃደኞች በጀልባቸው እየጫኑ ሁለት ሚሊዮን ያህል አሮጌ የመኪና ጎማ ባሕር ውስጥ ጣሉ። ሐሳቡ ዓሣ የሚኖርበት ሰው ሠራሽ ሪፍ ለመፍጠር ነበር። ማሰሪያው ዛገ፣ ተፈታ፣ ጎማዎቹ በማዕበል እየተንከባለሉ አጠገባቸው የነበረውን እውነተኛ ሪፍ መቱት። ከ2007 ጀምሮ ወታደራዊ ጠላቂዎች ሳይቀሩ ሊያወጧቸው ገቡ።

በትንሹም ይደርሳል። የአንድ ጀማሪ ጠላቂ ጫማ የመታው ክብ ኮራል በዓመት ከሁለት ሴንቲሜትር በላይ የማያድግ ስለሆነ፣ የአንድ ሰከንድ ስህተት ለማገገም ብዙ ዓመት ይፈጃል። ሳይሰምጡና ሳይንሳፈፉ ውኃ መሃል ረግቶ መቆም መቻል ከዓሣ ስም በፊት የሚመጣውም ለዚህ ነው። በሽታም ይጓዛል። ከ2014 ጀምሮ ፍሎሪዳ ላይ የታየው የጠንካራ ኮራል ሥጋ የሚያረግፍ በሽታ ከ20 በላይ ዝርያዎችን ያጠቃል፣ በዚያ አካባቢ ጠላቂዎች መሣሪያቸውን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ከመውሰዳቸው በፊት በፀረ ጀርም እንዲያጥቡ ይጠየቃሉ።

ኮራል መትከልስ? ቁራጭ ኮራል ውኃ ውስጥ ባለ ማባዣ ቦታ አሳድጎ ሪፍ ላይ ማጣበቅ ይቻላል፣ በትንሽ ቦታ ውጤትም አሳይቷል። ግን የገደለው ምክንያት ሳይነሳ የሚተከል ኮራል መልሶ ይሞታል። በጁላይ 2023 የፍሎሪዳ ውኃ ሲሞቅ ሠራተኞቹ ከማባዣው ኮራሎችን እያወጡ የብስ ላይ ወዳሉ ገንዳዎች ሲያሸሹ ነበር። ሊደርሱለት ያልቻሉት ብዙ ነው።

በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ለምን እከፍላለሁ?

ጀልባ ነዳጅ ይጠጣል፣ የአየር ጋን ይሞላል፣ አሠልጣኝ ደመወዝ አለው፣ መድን አለ። ስለዚህ ክፍያ መጠየቁ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ማጭበርበር የሚሆነው ገንዘቡ ተከፍሎ ቁጥሩ የትም ሳይደርስ ሲቀር ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። የምንሰበስበው መረጃ ለማን ይሰጣል? የባለፉት ዓመታት ውጤት ማየት እንችላለን? እዚያው የሚኖሩት ሰዎች ከሥራው ውስጥ ምን ድርሻ አላቸው፣ ምግብ አብሳይና ጀልባ ነጂ ብቻ ናቸው ወይስ ቆጣሪና ወሳኝም? ሥልጠናው ስንት ቀን ነው? በሦስተኛው ቀን ቆጠራ አስገባችኋለሁ የሚል ካለ መጠርጠር ነው።

መዋኘት ባልችልስ?

ሥራው ውኃ ውስጥ አያልቅም። ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባ፣ ስህተቱን የሚያመሳክር ሰው ሁሌም ይጎድላል። ከጠላቂዎች የመጡ ፎቶዎችን እያየ ኮራሉን የሚለይም እንዲሁ፤ በአውስትራሊያ ከ2020 ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ የሪፍ ቆጠራ ላይ ከቤታቸው ሆነው ፎቶ የሚተነትኑ ሰዎች አሉ። በእግር የሚገባባቸው የባሕር ሣር ሜዳዎችና ማንግሮቭ የሚባለው የባሕር ዳር ዛፍ ያለባቸው ዳርቻዎችም ይቆጠራሉ። የባሕር ዳርቻ ጽዳት ላይ ደግሞ ቆሻሻውን ከማንሳት ባሻገር ዓይነቱን እየቆጠሩ መመዝገብ አለ። በ1986 ቴክሳስ ላይ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የባሕር ዳርቻ ጽዳት ከመጀመሪያው ዓመት አንስቶ የተገኘውን ሲመዘግብ ነው የቆየው።

ለመጀመር አንድ ነገር ብቻ ልምከር። የምትመለሱበትን ቦታ ምረጡ። ሩቅ አገር ካለ ዝነኛ ሪፍ ላይ አንድ ጊዜ ከሚቆጠር መስመር፣ በየዓመቱ በዚያው ወር ልትደርሱበት የምትችሉት ተራ ሪፍ ይሻላል። የመጀመሪያው ቀን ስትወጡ የሜትሩ መነሻ ያለበትን በጂፒኤስ መዝግቡ፣ ጥልቀቱንና አቅጣጫውን ጻፉ፣ ፎቶም አንሱ። በዓመቱ መስመሩን የሚዘረጋው ሰው እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።